ቃሉ ሳይጠፋ ትርጉሙ ሲጠፋ

በመንግሥት መሥሪያ ቤት አንድ ወር እንኳ የሠራ ሰው ግልባጭ ምን እንደ ሆነ አይነገረውም። ደብዳቤ ሲጻፍ አንዱ ለባለጉዳዩ ይሰጣል፤ አንዱ በፋይል ውስጥ ይቀራል። ዋናው ቢጠፋ፥ ውሃ ቢገባበት፥ አይጥም ቢበላው ግልባጩ ተነሥቶ ይነበባል። የወረቀት ነገር እንዲህ ነው፤ ግልባጩን ያገኘ ጉዳዩን አገኘ። የኮምፒዩተር ግልባጭ ግን ሁልጊዜ እንዲህ አይደለም። ግልባጩ በእጃችሁ ሳለ፥ አንዲት ፊደልም ሳትጐድልበት፥ «አልነበብም» የሚልበት ጊዜ አለ። ይህን ባለፈው ሰኔ በገዛ ራሴ ስላየሁት ዛሬ ላጫውታችሁ አስቤአለሁ።

የማስተምርበት ትምህርት ቤት የተማሪዎቹን ስም፥ የትውልድ ቀን፥ ውጤትና ሁኔታ የሚይዘው በመዝገብ ቤቱ በተቀመጠ በአንድ ኮምፒዩተር ነበር። እኔ የሒሳብ አስተማሪ ነኝ፤ ነገር ግን ኮሌጅ ሳለሁ ከኮምፒዩተር ጋር ጥቂት ስለ ተዋወቅሁ «አንተ ታውቀዋለህ» ተብሎ ጥበቃው በኔ ላይ ወደቀ። በየዐርቡ ማታ ግልባጩን በፍላሽ ይዤ ወደ ቤቴ እሄድ ነበር፤ እውነቱን ለመናገር በዚህ እኮራ ነበር። ሰኔ ሲገባ አንድ ቀን መብራት ሄዶ ሲመለስ በኃይል መጣና የኮምፒዩተሩ ዲስክ ሞተ። ጊዜው የ12ኛ ክፍል ተማሪዎች ትራንስክሪፕት የሚጠይቁበት፥ ቤተ ሰባቸው የተዛወረባቸውም መሸኛ የሚፈልጉበት ጊዜ ነው። የመዝገብ ቤቱ ኃላፊ ዕድሜያቸው ከእናቴ የሚበልጥ ወይዘሮ ናቸው፤ እኔም እትዬ እላቸዋለሁ። «እትዬ፥ አይስጉ፤ ነገ ጧት ሁሉም እንደ ነበረ ይሆናል» አልኋቸው። ያ ነገ አምስት ቀን ፈጀ።

ምክንያቱን ለማስረዳት ነገሩን ከሥሩ ልጀምር። ዳታቤዝ የሚሉት የመረጃ ቋት ከብዙ ሠንጠረዦች የተሠራ ነው። ሠንጠረዡ ረድፍና ዐምድ አለው፤ እያንዳንዱ ዐምድ ደግሞ «ዐይነት» አለው። ይህ ዐምድ ቁጥር ይቀበላል፤ ያኛው ጽሑፍ፤ ሦስተኛው ቀን። ዐይነቱ ለኮምፒዩተሩ ሁለት ነገር ይነግረዋል፤ አንደኛ ምን እንዲገባ እንደሚፈቀድ፥ ሁለተኛ የገባው እንዴት እንደሚነበብና ከሌላው ጋር እንዴት እንደሚነጻጸር። በቁጥር ደንብ 9 ከ10 ያንሳል። በጽሑፍ ደንብ ግን «10» ከ«9» ይቀድማል፤ ጽሑፍ የሚታየው ፊደል በፊደል ነውና። እንግዲህ ምልክቱ ያው ሆኖ ዐይነቱ ሲለወጥ ትርጉሙ ተለወጠ ማለት ነው።

እኛ የምንሠራበት ቋት ፖስትግሬስ ይባላል። በነፃ የሚገኝ ነው፤ ትልልቅ ድርጅቶችም ይሠሩበታል። ከሌሎቹ የሚለይበት አንዱ ነገር «ያሉት ዐይነቶች ካልበቁህ የራስህን ፍጠር» ማለቱ ነው። ይህ ኋላ የተለጠፈበት ጌጥ አይደለም። ማይክል ስቶንብሬከር በበርክሌይ በሚገኘው በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ከባልደረባው ጋር እ.ኤ.አ. በ1986 የፖስትግሬስን ንድፍ ሲያወጣ፥ ተጠቃሚው የራሱን የመረጃ ዐይነት እንዲጨምር ማስቻል ከዋና ዋናዎቹ ዓላማዎች አንዱ ነበር። ይኸው ሰው ለመረጃ ቋት ሥራ ባበረከተው ድርሻ የ2014ን የቱሪንግ ሽልማት ተቀብሏል፤ ሽልማቱም በኮምፒዩተር ዕውቀት ከሚሰጡት ሁሉ የላቀ የሚባለው ነው።

የራስን ዐይነት መፍጠር ለእኛ ቅንጦት አይደለም። ፖስትግሬስ «ቀን» የሚለው የፈረንጁን ቀን ነው። ሁለተኛው ወር ለእርሱ ፌብሩዋሪ ስለ ሆነ፥ ጥቅምት 30 የተወለደውን ልጅ «በ2ኛው ወር በ30ኛው ቀን» ብላችሁ ብታስገቡለት እንዲህ ያለ ቀን የለም ብሎ ይመልስላችኋል። ጳጉሜንንማ ጨርሶ አያውቃትም። ከኔ በፊት ቋቱን ያቋቋመው አስተማሪ፥ ዛሬ በሌላ ከተማ የሚሠራ ብልህ ሰው፥ ይህን አይቶ «የኢትዮጵያ ቀን» የሚባል ዐይነት ፈጠረ። ዐይነቱ ሦስት ቁጥር የያዘ ነው። ጠባቂ ደንብም አበጀለት፤ ወር ከ1 እስከ 13፥ ቀን ከ1 እስከ 30፤ ወሩ 13ኛ ከሆነ ቀኑ ከ5 አይበልጥም፤ ዓመቱ ለ4 ተካፍሎ 3 ሲተርፈው፥ ማለትም በዘመነ ሉቃስ፥ 6ኛው ቀን ይፈቀዳል። የዘመነ ሉቃስን ምርመራ ለብቻው በአንዲት ትንሽ ፕሮግራም ጻፋት። ትልቁ ደንብ ትንሿን የሚጠራት ጳጉሜን 6 ሲያጋጥመው ብቻ ነው። ይህችን ትንሽ ነገር ያዙልኝ፤ ኋላ እመለስባታለሁ።

ሌላም ዐይነት ነበረው፤ ይኸውም የተማሪው ሁኔታ። ይህ ኢነም ከሚባለው ወገን ነው፤ የተወሰኑ ቃላት በተወሰነ ተራ ይደረደራሉ፤ ከነዚያ ውጭ ሌላ ቃል አይገባም። «አዲስ የገባ»፥ «የሚማር»፥ «የተዛወረ»፥ «ያቋረጠ»፥ «የጨረሰ» የሚሉ ነበሩ። ተራው ለይስሙላ አይደለም። ፖስትግሬስ ሲያነጻጽራቸው በፊደል ቅደም ተከተል ሳይሆን በተደረደሩበት ተራ ነው። ያ አስተማሪ የትምህርት ቤቱን የተማሪ ቁጥር ሲያወጣ «ከ‹የተዛወረ› በፊት ያለውን ሁሉ ቁጠር» ብሎ ነበር ያዘዘው። በጣም አጭር፥ በጣም ቆንጆ ትእዛዝ ናት፤ ተራው እስካልተዛባ ድረስ።

አሁን የጥንቱን የመሬት መዝገብ አስቡት። «ሦስት ጋሻ መሬት» ተብሎ ተጽፏል። ጋሻ ግን በየአገሩና በየአፈሩ ልምነት መጠኑ የሚለያይ ነበር፤ ወደ 40 ሄክታር ያህል ተደርጎ መቆጠሩ የኋላ ነገር ነው። መዝገቡን ዛሬ ብታገኙት «ሦስት»ም «ጋሻ»ም ጥርት ብለው ይነበባሉ። የዚያ አገር ጋሻ ስንት እንደ ነበረ የሚናገር ሽማግሌ ከሌለ ግን ስለ መሬቱ ስፋት የምታውቁት ጥቂት ነው። እኔ በየዐርቡ በፍላሽ ይዤ የሄድሁት ጋሻውን እንጂ ሽማግሌውን አልነበረም።

እንዴት ቢሉ፤ የፖስትግሬስ መገልበጫ ፒጂ ደምፕ ይባላል። መጀመሪያ፥ መስከረም ላይ፥ ቋቱን በሙሉ ገልብጬ ነበር። ነገር ግን የተማሪዎቹ ፎቶግራፍ በቋቱ ውስጥ ስለ ነበረ ግልባጩ ትልቅ ሆነ፤ ፍላሹም ጠበበኝ። ከዚያ በኋላ «ተማሪ»ና «ውጤት» የሚባሉትን ሠንጠረዦች ብቻ በስማቸው እየጠራሁ መገልበጥ ጀመርሁ። ፒጂ ደምፕ ሠንጠረዥ በስም ሲጠራለት ያንን ሠንጠረዥ ብቻ ይገለብጣል፤ ሠንጠረዡ የተደገፈበትን ሌላ ነገር ልጨምር ብሎ አይጨነቅም። ይህም በመመሪያው ላይ በግልጥ ተጽፏል። እኔ መመሪያውን ያነበብሁት ዲስኩ ከሞተ በኋላ ነው።

በአዲሱ ኮምፒዩተር ባዶ ቋት አዘጋጅቼ ግልባጩን ስመልስ በመስኮቱ ላይ የስሕተት መልእክት እንደ ጐርፍ ወረደ። በብዙ መቶ የሚቈጠር መስመር ሁሉ አንድ ዐይነት ነው፤ «ወደ ኋላ ያዘነበለ ሰረዝና ኤን የማይታወቅ ትእዛዝ ነው» ይላል። ከሌሊቱ ስድስት ሰዓት ድረስ ያንን ሰረዝና ኤን ስመረምር አመሸሁ። ፍላሹ ተበላሽቶ ይሆን? የአማርኛ ፊደሉ ይሆን? ከንቱ ድካም ነበር። ያ ምልክት በግልባጩ ውስጥ «ይህ ቦታ ባዶ ነው» ማለት ነው፤ ለምሳሌ የአባቱን ስልክ ያላስመዘገበ ተማሪ ረድፍ ላይ ይገኛል። ጥፋቱ ከርሱ በላይ ነበር። ወደ ላይ፥ ወደ ላይ ተመልሼ የመጀመሪያውን መልእክት ሳነብ «የተማሪ ሁኔታ የሚባል ዐይነት የለም» ይላል። ዐይነቱ ስለሌለ ሠንጠረዡ አልተፈጠረም፤ ሠንጠረዡ ስላልተፈጠረ ረድፎቹ የሚገቡበት አጡ፤ የሚገቡበት ያጡትን ረድፎች ኮምፒዩተሩ እንደ ትእዛዝ እየቈጠረ አንድ በአንድ ሊፈጽማቸው ሞከረ። ከዚያ ሁሉ ጩኸት ቁም ነገር ያላት የመጀመሪያይቱ መስመር ብቻ ነበረች። ግልባጭ በፒሲኩኤል በኩል የምትመልሱ ሁሉ ኦን ኤረር ስቶፕ የሚባለውን አስቀድማችሁ አብሩት፤ ያን ጊዜ በመጀመሪያው ስሕተት ላይ ቀጥ ብሎ ይቆማል። ለእኔ ያን ዕለት ማታ ይህን የነገረኝ ሰው ቢኖር ኖሮ እንቅልፌን በተኛሁ።

በነጋታው እትዬ መጥተው ከኋላዬ ቆሙ። ግልባጩ ሲከፈት እንደ ጽሑፍ የሚነበብ ስለ ሆነ የተማሪዎቹ ስም በመስኮቱ ላይ ይታያል። «ልጄ፥ ይኸው ሁሉም አሉ አይደለም እንዴ?» አሉኝ።

«አሉ እትዬ፤ ግን ኮምፒዩተሩ ምን እንደ ሆኑ አያውቅም።»

«እኔ አውቃለሁ። እኔን ጠይቀኝ» አሉ። በልቤ ፈገግ አልሁ፤ በሦስተኛው ቀን ግን እንዳሉት እርሳቸውን መጠየቄ አልቀረም።

ዐይነቶቹን በእጄ እንደ ገና ልፈጥራቸው ተነሣሁ። የትውልድ ቀኑ በግልባጩ ላይ በቅንፍ ውስጥ በሦስት ቁጥር ይታያል፤ ስድስት፥ ሦስት፥ ሁለት ሺ አንድ። ዓመቱ የቱ እንደ ሆነ ያስታውቃል። ከቀሩት ሁለቱ ግን የቱ ቀን፥ የቱ ወር ነው? ኅዳር 6 ነው ወይስ የካቲት 3? ፖስትግሬስ እንዲህ ያለውን ጥምር ዐይነት ሲጽፍ ቁጥሮቹን ብቻ እንጂ ስማቸውን አይጽፍም፤ ስማቸው ያለው በዐይነቱ ትርጉም ውስጥ ነው። እዚህ ላይ የሒሳብ አስተማሪነቴ ጠቀመኝ። ዐምዱን ከላይ እስከ ታች አየሁት፤ የመጀመሪያው ቁጥር እስከ 30 ይደርሳል፤ ሁለተኛው ግን አንድ ጊዜ እንኳ ከ13 አያልፍም። ስለዚህ ሁለተኛው ወር ነው። አንድ ተማሪ ብቻ ቢሆን ኖሮ መልስ የለውም ነበር፤ ብዙ ሲሆኑ እርስ በርሳቸው መሰከሩ።

በዚህ መንገድ ቀኑን ባገኘውም ጠባቂ ደንቡን ግን ላገኘው አልችልም፤ የሁኔታውን ተራም እንዲሁ። በግልባጩ ውስጥ የትኞቹ ቃላት እንዳሉ ይታያል፤ የትኛው የትኛውን እንደሚቀድም አይታይም። ያን ጊዜ ነው የመስከረሙ ሙሉ ግልባጭ ትዝ ያለኝ። በቤቴ በአሮጌ ዲስክ ውስጥ ተኝቶ ነበር። ሙሉ ግልባጭ ስለ ሆነ የዐይነቶቹን ትርጉም ከነደንባቸው ይዟል። ስለዚህ ትርጉሙን ከመስከረሙ፥ መረጃውን ከሰኔው ልወስድ ወሰንሁ። ይህ የሚቻል ነው፤ ፒጂ ሪስቶር የሚባለው መመለሻ በአንድ ግልባጭ ውስጥ ያለውን ዘርዝሮ ያሳያል፤ ከፈለጋችሁም ከመረጃው በፊት የሚመጣውን ክፍል፥ ማለትም ዐይነቶቹን፥ ፕሮግራሞቹንና የሠንጠረዦቹን ቅርጽ ብቻ ይመልስላችኋል። መለስሁት፤ አንድም ቅሬታ አላሰማም። ከዚያ የሰኔውን ረድፎች ማስገባት ጀመርሁ።

እነሆ፥ ጳጉሜን 6።

ረድፎቹ እየገቡ ሳለ አንዱ ላይ ሲደርስ «ዘመነ ሉቃስ የሚባል ፕሮግራም የለም» ብሎ ቆመ፤ የዚያ ሠንጠረዥ ማስገቢያ አንድ ትእዛዝ ስለ ሆነም ሁሉም ረድፎች ተመለሱ። ፕሮግራሙ ግን አለ! ከጥቂት ደቂቃ በፊት በዓይኔ ያየሁት ነው። ረድፉን ስመለከት ጳጉሜን 6 ቀን 1999 ዓ.ም. የተወለደች ልጅ ናት፤ የሚሌኒየሙ ዋዜማ። ከእርስዋ በፊት የነበሩት ሁሉ በደህና ያለፉት ትልቁ ደንብ ትንሿን ፕሮግራም መጥራት ስላላስፈለገው ነው። እርስዋ ላይ ሲደርስ ጠራት፤ አላገኛትም።

ለምን አላገኛትም? ይህ ብዙ ሰው ያስቸገረ ነገር ስለ ሆነ ጥቂት ልቆይበት። በፖስትግሬስ ውስጥ ነገሮች ሁሉ ስኪማ በሚባል ክፍል ውስጥ ይኖራሉ፤ እንደ መሥሪያ ቤት ክፍሎች ማለት ነው። አንድን ነገር በስሙ ብቻ ስትጠሩት ኮምፒዩተሩ የትኞቹን ክፍሎች በየትኛው ተራ እንደሚፈልግ የሚነግር የፍለጋ መንገድ አለ። በዚህ መንገድ ላይ ተንኰለኛ ሰው የራሱን ፕሮግራም በሌላው ስም ሊያስቀምጥ እንደሚችል ስለ ታወቀ፥ የፖስትግሬስ ሠሪዎች እ.ኤ.አ. ማርች 1 ቀን 2018፥ ይኸውም የካቲት 22 ቀን 2010 ዓ.ም.፥ ባወጡት ማሻሻያ ፒጂ ደምፕ የሚጽፈው ግልባጭ ሲመለስ የፍለጋውን መንገድ ባዶ እንዲያደርገው አደረጉ። ከዚያ ወዲህ ግልባጩ እያንዳንዱን ነገር ከነክፍሉ በሙሉ ስሙ ይጠራል። ነገር ግን እኛ በጻፍነው ፕሮግራም ሆድ ውስጥ ያለውን ስም አይነካም፤ ለእርሱ ያ ተራ ጽሑፍ ነው። በዘወትር ሥራ «ዘመነ ሉቃስ» ተብላ በስሟ ስትጠራ አቤት የምትል ፕሮግራም፥ ግልባጭ በሚመለስበት ሰዓት ግን ክፍሏ ካልተጠቀሰ አትሰማም። ቋቱ በጤና እያለ ዓመት ሙሉ ብትሠሩበት ይህ ጉድለት አይታይም፤ የሚታየው መመለስ የግድ በሆነበት ቀን ብቻ ነው። እኔ የማሻሻያውን ሠሪዎች አልወቅስም፤ በሩን መዝጋት ነበረባቸው። መድኃኒቱም ቀላል ነው፤ በፕሮግራሙ ውስጥ ስሙን ከነክፍሉ መጻፍ ወይም ለፕሮግራሙ የራሱን የፍለጋ መንገድ ማሰር ነው። አምስት ደቂቃ አልፈጀብኝም። ምክንያቱን ለማግኘት ግን አንድ ቀን ተኩል ሄዷል።

ልጅቱ ገባች። ወዲያው ሌላ ቅሬታ መጣ፤ «‹በሕክምና ፈቃድ› የሚል ቃል በተማሪ ሁኔታ ውስጥ የለም» አለ። እውነት ነው። ይህን ቃል ኅዳር ላይ ራሴ ነበርሁ የጨመርሁት፤ አራት ተማሪዎች ታመው ስለ ነበረ ነው። የመስከረሙ ትርጉም የኅዳሩን ቃል ከወዴት ያውቃል? ድካሙም ስለ በዛብኝ ቃሉን ጨመርሁና ቀጠልሁ። ረድፎቹ ሁሉ ገቡ። ቅሬታ የለም። ዲሬክተሩ ዘንድ ሄጄ «ተመልሷል» አልሁ።

አልተመለሰም ነበር። ቃል በኢነም ላይ ሲጨመር የት ይግባ ተብሎ ካልተነገረ መጨረሻ ላይ ይሰለፋል፤ ከ«የጨረሰ» ኋላ። የተማሪ ቁጥር የሚወጣው «ከ‹የተዛወረ› በፊት» በሚል መሆኑን አስታውሱ። እንግዲህ አራቱ ሕመምተኞች ከትምህርት ቤቱ ቁጥር ወጥተዋል ማለት ነው። ስማቸው አለ፤ ውጤታቸው አለ፤ በቁጥሩ ውስጥ ግን የሉም። ያ ቁጥር ደግሞ ወደ ትምህርት ጽሕፈት ቤት የሚላክ ነው። ከሁሉ የሚያስፈራኝ ይህ ነው፤ ጐርፍ ሆኖ የሚመጣ ስሕተት ይታያል፤ ይህኛው ግን ዝም ብሎ ገብቶ ተቀመጠ።

ያገኙት እትዬ ናቸው። አዲሱን ቁጥር አንብበው «ይህ አይደለም» አሉ። ከምን ያውቃሉ ብዬ ስጠይቅ ከሣጥኑ የጥሩን ሪፖርት ግልባጭ፥ ማኅተም ያረፈበትን ወረቀት፥ አውጥተው አስቀመጡልኝ። የሰኔና የጥር ቁጥር መለያየቱ አያስደንቅም፤ ተማሪ ይገባል ይወጣል። ስለዚህ ለማነጻጸር ያንኑ የጥር ሳምንት የዐርብ ግልባጭ በሌላ ባዶ ቋት ውስጥ መልሼ ቈጠርሁት። ከወረቀቱ በትክክል አራት ጐደለ። ኅዳር ላይ ቃሉን ከ«የሚማር» ቀጥሎ አስገብቼው እንደ ነበረ ያን ጊዜ ገባኝ፤ ማስታወሻ ግን አልያዝሁም ነበር። ፖስትግሬስ ደግሞ በኢነም ላይ የጨመራችሁትን ቃል ማውጣት አይፈቅድም። አፍርሼ ከመጀመሪያው ጀመርሁ፤ ቃሉንም በቦታው አስገባሁ። አምስተኛው ቀን ማታ ቁጥሩ ከወረቀቱ ጋር ገጠመ።

ይህን ሁሉ ሲሰሙ አንዳንድ ጓደኞቼ «ታዲያ ሁሉን በጽሑፍ ብቻ ማስቀመጥ አይሻልም?» አሉኝ። እኔ አይመስለኝም። ሁሉ ጽሑፍ ቢሆን ኖሮ ግልባጩ በመጀመሪያው ማታ ይመለስ ነበር፤ ነገር ግን ከነጳጉሜን 7ና ከነ«ሰኔ 31» ነው የሚመለሰው፤ የሚከለክል የለማ። የራስ ዐይነት መልካም ነገር ነው። የፈጠረው ሰው ግን ትርጉሙን ከመረጃው ጋር አብሮ የማጓጓዝ ዕዳ አለበት፤ ያንን ዕዳ ደግሞ ትቶት የሚሄደው ለሚተካው ሰው ነው።

ሌላ ሰው የፈጠረው ዐይነትም የራሱ ጣጣ አለው። ከካርታ ጋር የሚሠሩ ሰዎች ፖስትጂአይኤስ የሚባለውን ተጨማሪ ያስገባሉ፤ እርሱም ለቦታ፥ ለመንገድና ለመሬት ክልል «ጂኦሜትሪ» የሚባል ዐይነት ያመጣል። እ.ኤ.አ. በ2011 ከወጣው ከፖስትግሬስ 9.1 ወዲህ እንዲህ ያለው ነገር ኤክስቴንሽን ተብሎ በአንድነት ይታሰራል፤ ፒጂ ደምፕም በግልባጩ ላይ «ፖስትጂአይኤስ ይጠራ» ብሎ ይጽፋል እንጂ ፖስትጂአይኤስን ራሱን አይገለብጥም። አዲሱ ኮምፒዩተር ላይ አስቀድሞ ካልተጫነ ጥሪውን የሚሰማ የለም፤ ካርታ ያለበት ሠንጠረዥም ሁሉ አይፈጠርም። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልጨምር፤ ፒጂ ሪስቶር እንደ ልማዱ ስሕተት ሲያጋጥመው አይቆምም፤ አልፎት ሄዶ በመጨረሻው መስመር ላይ «ይህን ያህል ስሕተት ታልፏል» ይላል። ያችን የመጨረሻ መስመር ሳያዩ መስኮቱን የዘጉ ሰዎች አሉ።

በዚህ አደጋ የወደቁት እንደኔ ያሉ ጀማሪዎች ብቻ አይደሉም። ጊትላብ የሚባለው የታወቀ ኩባንያ እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 31 ቀን 2017 አንድ ሠራተኛው በስሕተት የዋናውን ቋት ፋይሎች ደመሰሰ። የፒጂ ደምፕ ግልባጭ ሲፈለግ ቦታው ባዶ ነበር። ቋቱ ፖስትግሬስ 9.6 ሲሆን መገልበጫው የ9.2 ስለ ነበረ ሥራውን ሳይሠራ እየቀረ ነበር፤ ይህን የሚያስታውቀውም ኢሜይል ሳይደርስ ቀርቷል። የዳኑት አንድ ሠራተኛ ስድስት ሰዓት ያህል ቀድሞ ለሌላ ጉዳይ ባነሣው ቅጂ ነው፤ በዚያ ስድስት ሰዓት ውስጥ የገባው ግን ጠፋ። ኩባንያው ነገሩን ሳይደብቅ ራሱ ለዓለም አሳትሞታል፤ እኔም አንብቤው ተጽናናሁ። ሳልዋሽ፥ ጥቂት ደስም አለኝ።

አሁን የማደርገውን ልንገራችሁና ላብቃ። ትልቅ ፍላሽ ተገዝቷል፤ ግልባጩም ሙሉ ነው። የዐይነቶቹን ትርጉም ለብቻው አትሜ፥ መቼ ምን እንደ ተጨመረና ከየትኛው ቃል ቀጥሎ እንደ ገባ ከነቀኑ ጽፌ ለእትዬ ሰጠሁ፤ ቁጥር ሰጥተው ከሪፖርቶቹ ጋር በሣጥኑ ውስጥ አኖሩት። በወሩ የመጀመሪያ ቅዳሜ ደግሞ ምንም በሌለበት በሌላ ኮምፒዩተር ላይ ግልባጩን እመልሳለሁ፤ ስመልስም ጳጉሜን 6 የተወለደችው ልጅ መግባትዋን አያለሁ፤ ቁጥሩንም ከወረቀቱ ጋር አስተያያለሁ። ባለፈው ቅዳሜ የመጣው ቅሬታ አንድ ብቻ ነበር፤ እርሱም ስለ ፎቶግራፎቹ ነው። በሚመጣው ወር አየዋለሁ።